ሰርቨሩ አልጠፋም፤ ሌላ ግቢ ገብተሽ ነው

ጥያቄው ከኮምቦልቻ ነው የመጣው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«በአንድ የጅምላ አከፋፋይ ድርጅት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። የሒሳብ ፕሮግራማችን ያለው አዙር ክላውድ ላይ፣ ማለትም ማይክሮሶፍት በኢንተርኔት በሚያከራየው ሰርቨር ላይ ነው። ሲከታተለው የነበረው ልጅ ሥራ ለቀቀ። አለቃዬ ‹ኮምፒውተር የምትችይው አንቺ ነሽ› ብሎ ለኔ አስረከበኝ። ልጁ ከመውጣቱ በፊት በግል ኢሜይሌ ግብዣ ላከልኝ። በቴሌግራም በላከልኝ ሊንክ ስገባ ሰርቨሩን አየሁት። ከሳምንት በኋላ የፖርታሉን፣ ማለትም የአዙር መቆጣጠሪያ ድረ ገጹን አድራሻ ራሴ ጽፌ ስገባ ግን ምንም የለም። ባዶ ነው። ፕሮግራሙ ግን እየሠራ ነው። ድሮ ተማሪ እያለሁ በዚሁ ኢሜይል አዙርን ለሙከራ ከፍቼ ነበር፤ እሱ ይሆን የበጠበጠው? ደግሞ አንድ ነገር በነካሁ ቁጥር ዶላር የሚቆጥር እየመሰለኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ከየት ልጀምር?»

አብሽሪ እህቴ። ሰርቨሩ አልጠፋም። ሹፌር ሳይኖረው የሐረጎን ዳገት የወጣ መኪና የለም፤ ሰርቨሩ ተሰርዞ ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ አይከፈትልሽም ነበር። የተሳሳተው አንቺ የቆምሽበት ቦታ ነው። ፍንጩንም ራስሽ ሰጥተሽኛል። የድሮው የሙከራ አካውንት ነው ነገሩን ያጣመመው።

እኔ ደሴ ቁጭ ብዬ የሰው ሰርቨር ስጠብቅ ዓመታት ሆኖኛል። «ሰርቨራችን ጠፋ» ተብዬ ተጠርቼ በእውነት የጠፋ ያገኘሁት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ነው ሌላ ቦታ ቆሞ የሚፈልገው። ስለዚህ ፖርታሉን ከዳር እስከ ዳር ላስተምርሽ አልሞክርም። ማንም ከዳር እስከ ዳር አያውቀውም። ገጾቹም መልካቸውን ይቀያይራሉ፤ ዛሬ በግራ ያየሽው በተን ነገ ሌላ ጥግ ታገኚዋለሽ። የማይለወጠው የት እንደቆምሽ ማወቅ ነው። እሱን ካወቅሽ ሌላውን በፍለጋ ትደርሺበታለሽ።

አንድ ሰፊ ግቢ አስቢ፤ እዚህ ደሴ ውስጥ ብዙ ተከራይ እንዳለው ዓይነት። በሩ ላይ ዘበኛ አለ። ማን ይግባ፣ ማን አይግባ የሚለውን ዝርዝር የያዘው እሱ ነው። ግቢው በአዙር ቋንቋ ዳይሬክተሪ ይባላል። አንዳንድ ገጽ ላይ ቴናንት ይለዋል፤ ያው ነው። ዘበኛው ደግሞ ኢንትራ አይዲ ነው። እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ድረስ ስሙ አዙር አክቲቭ ዳይሬክተሪ ነበር። የቆየ ቪዲዮ ስታዪ በድሮ ስሙ ሲጠሩት ትሰሚያለሽ፤ ግራ አይግባሽ።

ግቢው ውስጥ ቆጣሪ አለ። ይህ ሰብስክሪፕሽን ነው። ሒሳብ የሚመጣው በቆጣሪው ነው። አንድ ግቢ ሁለት ሦስት ቆጣሪ ሊኖረው ይችላል፤ አንድ ቆጣሪ ግን ለሁለት ግቢ አይሆንም። ከቆጣሪው የሚጠቀሙት ክፍሎች ሪሶርስ ግሩፕ ይባላሉ። በክፍሎቹ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች ሪሶርስ ናቸው። ያንቺ ሰርቨር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኑ፣ አንዱ ዕቃ ነው። አንድ ዕቃ በአንድ ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው የሚገኘው።

ወደ ችግርሽ ስንመለስ፣ አንቺ በአንድ ቁልፍ ሁለት ግቢ የምትገቢ ሰው ነሽ። ድሮ ለሙከራ ስትከፍቺ አዙር በስምሽ የራስሽን ግቢ ሠራልሽ። አሁን ደግሞ የድርጅቱ ግቢ በእንግድነት አስገባሽ። ልጁ የላከልሽ ሊንክ የድርጅቱን ግቢ ስም በውስጡ የያዘ ነበር፤ ስለዚህ ቀጥታ እዚያ አደረሰሽ። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ቴሌግራም ላይ ሊንኩን በደንብ እይው። መሐሉ ላይ የ«አት» ምልክት፣ ከሱ ቀጥሎም የድርጅቱ ስም ሳይኖርበት አይቀርም። አድራሻውን ራስሽ ጽፈሽ ስትገቢ ግን ፖርታሉ ወደ ቤትሽ ወሰደሽ። ቤትሽ ደግሞ ያ የድሮው ባዶ ግቢ ነው።

አሁን ፖርታሉን ክፈቺ። ከላይ በቀኝ ጥግ ኢሜይልሽ አለ። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ሌላ ስም ተጽፏል። ብዙ ሰው አያየውም። እኔ ግን የማንም ሰው ፖርታል ስከፍት መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው እዚያ ነው። «ዲፎልት ዳይሬክተሪ» የሚል ከሆነ በድሮው ግቢሽ ውስጥ ነሽ ማለት ነው። ከላይ ካለው መስመር የማርሽ ምልክቷን ተጫኚ። «ዳይሬክተሪስ ፕላስ ሰብስክሪፕሽንስ» የሚል ገጽ ይከፈታል። ሁለቱም ግቢዎች ተዘርዝረው ታገኛቸዋለሽ። ከድርጅቱ ስም አጠገብ «ስዊች» የምትለውን ተጫኚ። ገጹ አንዴ ጠፍቶ ይመለሳል፤ ሰርቨሩም ይመጣል። እዚያው ገጽ ላይ «ስታርትአፕ ዳይሬክተሪ» የሚል ምርጫ አለ። ሁልጊዜ በድርጅቱ ግቢ እንዲጀምርልሽ አድርጊው። ከዚያ በኋላ ሊንክ አያስፈልግሽም። እንዲያውም ወደ ፖርታል በቴሌግራም ሊንክ የመግባት ልማድ ካሁኑ ይቅር። አድራሻውን አንዴ ራስሽ ጽፈሽ ብሮውዘሩ ላይ ምልክት አድርጊበት። ፓስዎርድ የሚሰርቁ ሰዎች ፖርታሉን ቁርጥ የሚመስል ገጽ መሥራት አይከብዳቸውም።

ትክክለኛው ግቢ ውስጥ ሆነሽም ባዶ ከሆነስ? ሁለት ነገር እይ። የመጀመሪያው ማጣሪያ ነው። የማንኛውም ዝርዝር አናት ላይ «ሰብስክሪፕሽን ኢኩዋልስ ኦል» የሚሉ ትንንሽ ክብ ጽሑፎች አሉ። «ኦል» በሚለው ቦታ ሌላ ነገር ካለ አንድ ሰው አጥብቦታል ማለት ነው፤ ወደ «ኦል» መልሺው። የማርሿ ገጽ ላይም ለሁሉም ገጽ የሚሠራ የሰብስክሪፕሽን ማጣሪያ አለ፤ እሱንም እይው።

ሁለተኛው ፈቃድ ነው። ይህችን ልብ በይ። ፖርታሉ ያልተፈቀደልሽን ዕቃ ሁልጊዜ «አልተፈቀደልሽም» ብሎ አይነግርሽም። ዝርዝር ላይ ከሆነ ዝም ብሎ ባዶ ያሳይሻል። «የለም» እና «አይታይሽም» እዚያ መልካቸው አንድ ነው። ልጁ ሲወጣ ያንቺንም ፈቃድ ያነሳ ሰው ካለ የምታዪው ባዶ ገጽ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ የአዙር ብቻ ጠባይ አይደለም። የአማዞን ክላውድ ቢሆን ኖሮ ከላይ በቀኝ የተጻፈውን ሪጅን፣ ማለትም ሰርቨሩ ያለበትን አካባቢ እይ እልሽ ነበር። እዚያ ሰው ኬፕታውን ያስቀመጠውን ሰርቨር አየርላንድ ላይ ቆሞ ሲፈልግ ይውላል። ጉግል ክላውድ ላይ ደግሞ ከላይ የተመረጠው ፕሮጀክት ነው የሚያሳስተው። ቦታው ይለያይ እንጂ ሦስቱም ላይ ጥያቄው ያው ነው፤ የት ቆሜያለሁ?

አሁን ወደ ፍርሃትሽ። ማየት ገንዘብ አያስከፍልም። ገጽ መክፈት፣ መፈለግ፣ ወዲያ ወዲህ ማለት፣ ሁሉም ነፃ ነው። የሚያስከፍለው ተፈጥሮ የተቀመጠ ዕቃ፣ እየሠራ ያለ ሰርቨርና የተከማቸ ዳታ ነው። «ክሪኤት» የሚለውን ብትጫኚ እንኳ የሚከፈተው ቅጽ ነው። ቅጹን ሞልተሽ «ሪቪው ፕላስ ክሪኤት» ብለሽ፣ ፖርታሉ አጣርቶልሽ፣ የመጨረሻውን «ክሪኤት» እስክትጫኚ ድረስ ምንም አልተፈጠረም። ከመሐል ዘግተሽ ብትወጪ ማንም አይጠይቅሽም። ጥንቃቄ የሚፈልጉት ቃላት ጥቂት ናቸው። «ዲሊት»፣ «ስቶፕ»፣ «ሪስታርት»፣ «ሪሳይዝ»። እነዚህን ካልነካሽና የተሞላ ነገር ካልቀየርሽ ቀኑን ሙሉ ብትዞሪ አታበላሺም።

ከላይ ስላለው ሰማያዊ መስመር ትንሽ ልበል። መሐሉ ላይ ያለው መፈለጊያ ዋናው ጓደኛሽ ነው። የሰርቨሩን ስም ጻፊበት፤ ወይም የፈለግሽውን አገልግሎት የመጀመሪያ ፊደላት። የግራውን ረጅም ዝርዝር መሸምደድ አያስፈልግም። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ሠርቼ እንኳ በፍለጋ ነው የምገባው። ደወሏ የሠራሽው ሥራ አለቀ ወይስ ከሸፈ የሚለውን ትነግርሻለች። ማርሿን አሁን አውቀሻታል። የተርሚናል ምልክት ያላት ደግሞ ክላውድ ሼል ናት፤ ለጊዜው እለፊያት።

አንድ ነገር ግን አዲስ ሰው ያደናግራል። ፖርታሉ አንድ ነገር ስትጫኚ አዲስ ገጽ ይገልጥልሻል። ሌላ ስትጫኚ ሌላ ይገልጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ የት እንደደረስሽ ይጠፋሻል። በብሮውዘሩ «ባክ» ከመመላለስ ይልቅ ከገጹ አናት በግራ ያለውን የመንገድ ምልክት እይ። «ሆም»፣ ከዚያ የሪሶርስ ግሩፑ ስም፣ ከዚያ የሰርቨሩ ስም ተከታትለው ተጽፈዋል። መመለስ የፈለግሽበትን ትጫኛለሽ።

ሰርቨሩን ስታገኚው ወዲያው አትግቢበት። መጀመሪያ የተቀመጠበትን ሪሶርስ ግሩፕ ክፈቺ። የጠበቅሽው አንድ ዕቃ ነው፤ የምታገኚው ግን አምስት ስድስት ነው። ቨርቹዋል ማሽኑ አለ። ዲስኩ አለ። የኔትወርክ ካርዱ፣ ፐብሊክ አይፒው (የኢንተርኔት አድራሻው)፣ ቨርቹዋል ኔትወርኩ፣ ማን በየትኛው ፖርት (መግቢያ በር) ይግባ የሚለውን የሚወስነው ሴኪዩሪቲ ግሩፕ ራሳቸውን ችለው ተቀምጠዋል። አንድ ሰርቨር ሲፈጠር አብረው የሚፈጠሩ ናቸው። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው» ብለሽ አንዱን እንዳታነሺ። በተቃራኒውም፣ ሰርቨር ሲሰረዝ ዲስኩና አይፒው ካልተመረጡ ይቀራሉ፤ ሰርቨር ሳይኖርም ያስከፍላሉ። ድርጅታችሁ ድሮ የተወው ሰርቨር ካለ ባለቤት ያጣ ዲስክ ሳታገኚ አትቀሪም።

ስለ ማጥፋት በሰፊው ልንገርሽ፤ ገንዘብ የሚፈስበት ቀዳዳ እሱ ነውና። አንድ ደንበኛ ነበረኝ። ሠራተኛዋ ጠንቃቃ ሴት ናት። ማታ ማታ ሥራ ሲያልቅ ሰርቨሩ ውስጥ ትገባና ዊንዶውሱን «ሹት ዳውን» ብላ ትወጣለች። ወራት እንዲህ አደረገች። ሒሳቡ ግን ሳንቲም አልቀነሰም። አለቃዋ «አታጠፊም ማለት ነው» ብሎ ይቆጣታል፤ እሷ ትምላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከዊንዶውሱ ውስጥ ስታጠፊው ሰርቨሩ ይተኛል እንጂ ቦታውን አይለቅም። ፖርታሉ ላይ «ስቶፕድ» ይላል፤ ቆጣሪው ይሮጣል። ከፖርታሉ ላይ «ስቶፕ» ስትይው ግን ማሽኑ ለሌላ ሰው ይለቀቃል። ያኔ የሚጻፈው «ስቶፕድ ዲአሎኬትድ» ነው። ሁለተኛዋን ቃል ፈልጊ። እሷ ከሌለች ኪራዩ አልቆመም። ዲአሎኬትድ ሆኖም የዲስኩና የተያዘው አይፒ ክፍያ ይቀጥላል፤ ትልቁ ወጪ፣ የማሽኑ ኪራይ ግን ይቆማል።

ማታ ማታ ራሱ እንዲጠፋ ማድረግም ይቻላል። በሰርቨሩ ገጽ የግራ ዝርዝር ውስጥ «ኦቶ ሹትዳውን» አለ። እዚህ ጋ የኛ ሰዓት ጣጣ ያመጣል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሰርቨሩ ማታ በ1 ሰዓት እንዲጠፋ ፈልጎ 1 ብሎ ሞላ፤ ከጎኑም ፒኤም መረጠ። ማታ ስለሆነ ፒኤም ነው ብሎ ነው። በማግስቱ ልክ በ7 ሰዓት፣ ሠራተኛው ከምሳ ተመልሶ ደረሰኝ ሲያስገባ፣ ሁሉም ጸጥ። ስልኬ መጮህ ጀመረ። የኛ ማታ 1 ሰዓት ለፖርታሉ 7 ፒኤም ነው። ስድስት ሰዓት መጨመር ነው፤ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሲቸኩሉ ግን ይረሳል። የሰዓት ቀጠናውንም እይ። ካልነካሽው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው የሚሆነው፤ የኛ ከሱ በሦስት ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ 7 ፒኤም ብለሽ ቀጠናውን ከተውሽው የሚጠፋው ማታ በ4 ሰዓት ነው። ዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባን ብትፈልጊ አታገኛትም። ናይሮቢን ምረጪ፤ ሰዓታችን አንድ ነው። ደግሞ ይህ ነገር ያጠፋል እንጂ ጠዋት አያበራም። ጠዋት ገብቶ «ስታርት» የሚል ሰው ያስፈልጋል። የሒሳብ ሰርቨር ላይ ከማድረግሽ በፊት ማን እንደሚያበራ ተስማሙ።

የወጪውን ነገር ለመከታተል መፈለጊያው ላይ «ኮስት ማኔጅመንት» ብለሽ ጻፊ። «ኮስት አናሊሲስ» ውስጥ የትኛው ዕቃ ስንት እንደበላ ታያለሽ። አንቺ የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ እዚህ ገጽ ላይ ከኔ ትበልጫለሽ፤ አልዘባርቅም። ሁለት ነገር ብቻ። ቁጥሩ የዛሬውን ወዲያው አያሳይም፤ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። ጠዋት አንድ ነገር ከፍተሽ ከሰዓት «ወጪ የለውም» እንዳትይ። ሌላው «ባጀት» ነው። ወርሃዊ ጣሪያ አስቀምጠሽ ግማሹ ሲደርስ፣ ዘጠና በመቶው ሲደርስ ኢሜይል እንዲልክልሽ ታደርጊያለሽ። ግን ኢሜይል ብቻ ነው። ባጀቱ ሲያልቅ ሰርቨሩን አያጠፋም። እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ብዙ አውቃለሁ። ለአለቃሽ ሪፖርት ስታደርጊም በዶላር አድርጊው፤ ብሩን ለብቻ ጻፊ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሆነ፣ ሰርቨሩ ላይ ምንም ሳይጨመር የብር ሒሳቡ ሊጨምር ይችላል። «ምን ነክተሽ ነው የጨመረው» እንዳትባዪ።

ስለ ፈቃድ የምነግርሽ ለራስሽ ደኅንነት ነው። ሪሶርስ ግሩፑ ገጽ ላይ «አክሰስ ኮንትሮል» የሚል አለ። ውስጡ «ቪው ማይ አክሰስ» ተጫኚና ምን እንደሆንሽ እይ። «ሪደር» ከሆንሽ ማየት ብቻ ነው፤ ብትፈልጊም አታበላሺም። «ኮንትሪቢዩተር» ከሆንሽ መፍጠር፣ መቀየር፣ መሰረዝ ትችያለሽ፤ ለሌላ ሰው ፈቃድ መስጠት ግን አትችይም። «ኦነር» ሁሉንም ይችላል። ልጁ ቸኩሎ ኦነር አድርጎሽ ከሆነ አልደሰትልሽም። ለመጀመሪያው ወር ሪደር ሁኚ። እጅ መንቀጥቀጡም ያኔ ይተውሻል። ስትለምጂው ለዚያ ሪሶርስ ግሩፕ ብቻ ኮንትሪቢዩተር ያድርጉሽ።

ኦነሩ ማን እንደሆነም አጣሪ። ይህን የምለው በደረሰብኝ ነው። አንድ ድርጅት ሁሉንም ነገር በአንድ ሰው ስም አድርጎ ሰውየው ሄደ። ያለ ሁለተኛ ማረጋገጫ፣ ማለትም በስልክ የሚመጣው ማጽደቂያ ከሌለ፣ ፖርታሉ ላይ ምንም መሥራት አይቻልም፤ ማይክሮሶፍት ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ እያደረገው መጥቷል። ማረጋገጫው ደግሞ ያለው በሄደው ሰውዬ ስልክ ላይ ነው። ስልኩም ጠፍቷል። ሰርቨሩ ይሠራል፤ ገንዘቡ በየወሩ ይቆረጣል፤ የሚነካው ሰው ግን የለም። ለመፍታት የፈጀብንን ደብዳቤና ምልልስ ባላስታውሰው ይሻለኛል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ኦነር ይኑር፤ አንዱ አለቃሽ ይሁን። አንቺም ስልክሽ ላይ ኦተንቲኬተሩን፣ ማጽደቂያው የሚመጣበትን አፕ፣ ስትጭኚ ሁለተኛ መንገድ አብረሽ መዝግቢ። የወጣው ልጅ ስም አሁንም እዚያ ዝርዝር ውስጥ ካለ አለቃሽ እንዲያስነሳው ንገሪው። ልጁን ስለጠረጠርን አይደለም፤ ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ እሱም እንዳይጠየቅ ነው።

አለቃሽ አንዴ ኦነር ሆኖ ሲገባ አንድ ነገር አስደርጊው። የሒሳቡ ሪሶርስ ግሩፕ ላይ ቁልፍ ያድርግ። «ሎክስ» ይባላል፤ ዓይነቱ «ዲሊት» ይሁን። ከዚያ በኋላ ማንም፣ ኦነሩም ቢሆን፣ ቁልፉን ሳያነሳ እዚያ ውስጥ ያለ ዕቃ መሰረዝ አይችልም። ኮንትሪቢዩተር ደግሞ ቁልፉን ማንሳት አይችልም። ክፍያ የለውም፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «ሪድ ኦንሊ» የሚለውን ዓይነት ግን አትምረጡ፤ እሱ ካለ ሰርቨሩን ማብራትና ማጥፋትም ይከለከላል።

መለማመጃ ከፈለግሽ ምንም ገንዘብ የማይበላ አለ። ኮንትሪቢዩተር ስትሆኚ ባዶ ሪሶርስ ግሩፕ ፍጠሪ። ባዶ ክፍል ኪራይ የለውም። ፈቃድሽ በሒሳቡ ክፍል ብቻ የታጠረ ከሆነ አዲስ ክፍል ማስከፈት የሰብስክሪፕሽኑ ባለቤት ሥራ ነው፤ አንድ የመለማመጃ ክፍል ያዘጋጅልሽ። ሪጅን ሲጠይቅ ደቡብ አፍሪካ ሰሜንን ምረጪ፤ ጆሃንስበርግ ያለው ነው፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ደወሏ ስትጮህ እይ። ከዚያ ገጹን ዝጊና በመፈለጊያው ብቻ ፈልገሽ አግኚው። ስምሽን የያዘ ታግ (መለያ ጽሑፍ) ለጥፊበት። ትንሽ ቆይተሽ «አክቲቪቲ ሎግ» ክፈቺ፤ ያደረግሽው ሁሉ በስምሽና በሰዓቱ ተጽፎ ታገኛለሽ። በመጨረሻ ሰርዢው። ስሙን በእጅሽ እንድትጽፊ ይጠይቅሻል። ክፍሉ ሲሰረዝ ውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ስለሚሰረዝ ነው የሚጠይቅሽ። ያን ጊዜ ጣትሽ ላይ የሚሰማሽን አስታውሺው። አንድ ቀን ሳታስቢው ስም ጻፊ የሚል ሳጥን ከመጣብሽ ቆም በይና ወደ ላይ ቀና ብለሽ የት እንዳለሽ እይ።

ያ አክቲቪቲ ሎግ የምትለዋ ገጽ 90 ቀን ወደኋላ ታሳያለች። «የነካሁት ነገር ይኖር ይሆን» ብለሽ ከሰጋሽ መልሱ እሷ ጋ ነው። ግቢውን ቀይረሽ ስትገቢ መጀመሪያ እሷን ክፈቺ። በስምሽ የተጻፈ ነገር ከሌለ ምንም አልነካሽም። ማየት እዚያ አይመዘገብም፤ መቀየር ግን ይመዘገባል።

መብራት ቢጠፋስ? ኮምቦልቻም ደሴም ይህ ጥያቄ አይቀርም። የመጨረሻውን በተን ከተጫንሽ በኋላ መብራቱ ወይ ኢንተርኔቱ ቢሄድ ሥራው አይቆምም። ሥራው የሚካሄደው እዚያ ማዶ ነው፤ ያንቺ ኮምፒውተር ማሳያ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲመለስ ደግመሽ እንዳትፈጥሪ። ወደ ሪሶርስ ግሩፑ ግቢና «ዲፕሎይመንትስ» የሚለውን እይ፤ አልቆ ሊጠብቅሽ ይችላል። ኢንተርኔቱ ሲያዘግምም ያው ነው። ገጹ አልከፍት ሲል በተን ደጋግሞ መጫን የሚያመጣው ጣጣ ነው። የቡናውን አቦል ጠጥተሽ ተመለሺ። ፖርታሉ ከባድ ገጽ ነው፤ በደካማ መስመር ያንገራግራል። የአዙር የሞባይል አፕ ቀለል ይላል። ሰርቨሩ በርቷል ወይስ ጠፍቷል ለማየትና ለማስነሳት ይበቃል።

ነገ ቢሮ ስትገቢ ከማርሿ ጀምሪ። ግቢውን ቀይሪ፣ ሰርቨሩን አግኚ፣ አክቲቪቲ ሎጉን አንብቢ፣ «ቪው ማይ አክሰስ» ላይ ምን እንደሚልሽ እይ። ሌላ ምንም አትንኪ። ከዚያ ለአለቃሽ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ ኦነሩ ማን ነው፣ ሁለተኛ ኦነር ማን ይሁን፣ የወጣው ልጅ ፈቃድ ተነስቷል ወይ፣ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አለን ወይ? የመጨረሻዋን እኔ ነኝ የጨመርኳት። የሰርቨሩ ገጽ ላይ «ባክአፕ» የሚለውን ስትጫኚ መቼ እንደተወሰደ ካላሳየሽና እንድታዘጋጂ ከጠየቀሽ፣ እዚያ በኩል ባክአፕ የላችሁም ማለት ነው። እንዲያ ከሆነ ሳትውይ ሳታድሪ ጻፊልኝ፤ እሱን አብረን እናየዋለን። ከኢሜይልሽ ሥር ምን ስም እንዳገኘሽም ንገሪኝ።